እባብ የዶሮ ቤቴን ለምዷል፤ ምን ላድርግ?

ለማጅ አርቢ | ሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። 14 እንቁላል ጣዮች፣ አንድ አውራ ዶሮና ከሁለት ሳምንት በፊት የተፈለፈሉ ጫጩቶች አሉኝ። ቤቱን በገዛ እጄ ነው የሠራሁት። ማገሩ እንጨት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ዙሪያው ደግሞ ያ የዶሮ ሽቦ እየተባለ የሚሸጠው ባለስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ሽቦ ነው።

ከአሥር ቀን ወዲህ እንቁላል ይጎድላል። በቀን 8 እና 9 የማነሣው ወደ 5 ወረደ። ቅርፊት የለም፣ የፈሰሰ አስኳል የለም፣ ጉዝጓዙም አልተበተነም። መጣል ቀንሰው ነው ብዬ መኖ ቀየርኩላቸው። ከዚያ ጫጩት መጉደል ጀመረ፤ መጀመሪያ አንድ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ አንዲት ቄብ ሞታ አገኘኋት። ቁስል የላትም፣ ደም የለም፤ ብቻ ከራሷ እስከ ትከሻዋ ላባዋ ርሶ ተጣብቋል። ውሃ መጠጫው ውስጥ ሰጥማ ይሆናል ብዬ ቀበርኳት።

ትናንት ማታ እንቁላል መጣያው ሳጥን ውስጥ እጄን ልሰድ ስል የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ባትሪዬን አበራሁ፤ እባብ! ከክንዴ ይረዝማል፤ ቀለሙን በድንጋጤ አላስተዋልኩም። ወደ ኋላ ዘልዬ ተመልሼ ሳይ የለም።

ናፍታሊን ልበትን? ወይስ ዲኝ? ጎረቤቴ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ዙሪያውን አፍስስ ብሎኛል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የውሃ ጎማ መሬት ላይ ተጋድሞ ሳይ እንኳ እዘላለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ የተባለው ለካ እውነት ነው።


ድንጋይ ራስ | ሰኞ ማታ

ይሄ ምን ጥያቄ አለው? እባብ ግደል ከነበትሩ ገደል! ረጅም ዱላ ይዘህ ማታ ጠብቀው፣ ጭንቅላቱን በለው፣ ገብተህ ተኛ።


እማማ ላባ | ማክሰኞ ማለዳ

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ሳታይ ሳጥን ውስጥ እጅህን አትስደድ። በጨለማም ሆነ በቀን። እኔ እንቁላል የማነሣው መጀመሪያ በዱላ ጉዝጓዙን ነካ ነካ አድርጌ፣ በባትሪ አይቼ ነው። ዶሮዋ ተቀምጣ ብታገኛት እንኳ ሥሯን ሳታይ አትዳብስ፤ እባብ ከታቀፈች ዶሮ ሥር ተጠምጥሞ አይቻለሁ፤ እሷ ምንም አልመሰላትም፣ እኔ ግን የያዝኩትን ሁሉ ጥዬ ነው የሮጥኩት።

የቄቧ ነገር እንደነገርከን ከሆነ የእባብ ሥራ ነው። እባብ ቆርሶ መብላት አያውቅም፤ ከራስ ጀምሮ እንዳለ ይውጣል። ትንሽ ነገር ሲሆን እልም አድርጎ ይሄዳል፤ ቄብ ስትሆን ግን ትከሻዋ ላይ ሲደርስ አልገባ ይለዋል፤ ብዙ ታግሎ ይተፋታል። ያ ርጥበት ምራቁ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅምና በሽታ ነው እያለ መድኃኒት ያጠጣል።

ሸለምጥማጥ ቢሆን ኖሮ ቤቱ በላባና በደም ይሞላ ነበር፤ እሱ አንዷን በልቶ የቀሩትን ለቁጣው ነው የሚገድል። አይጥ ደግሞ እንቁላሉን በአንድ ጎን ቦርቡሮ ወይም ጎትቶ ወስዶ ነው፤ ቅርፊቱን ፈልገህ ታገኘዋለህ፣ ከሳጥኑ ራቅ ብሎ። ዶሮዎችህ ራሳቸው የሚበሉ ከሆነ ምንቃራቸው ላይ አስኳል ደርቆ ታያለህ።


ለማጅ አርቢ | ማክሰኞ ማለዳ

እግዜር ይስጥልኝ እማማ። ስለ ቄቧ ያሉት ነገር አንጀቴን አራሰው፤ እኔ ደግሞ ውሃ መጠጫውን ጥፋተኛ አድርጌ ጥዬዋለሁ።

ታዲያ ናፍታሊኑስ?


ባለ ናፍታሊን | ማክሰኞ ረፋድ

ስሜ የወጣው ለዚህ ጥያቄ ስለሆነ ልመልስ። አምና ሁለት ሙሉ ከረጢት ናፍታሊን በዶሮ ቤቱ ዙሪያ እንደ ዶቃ ደረደርኩ። ሽታው እኔን ከጓሮ አባረረኝ። በሦስተኛው ሌሊት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። እባቡ መጣ፣ በሁለት ናፍታሊን መሃል ሰተት ብሎ አለፈ፤ ቆም እንኳ አላለም። ይልቅ አንዷ ዶሮ ስትለቅም አየኋትና ሌሊቱን ሙሉ በባትሪ አንድ በአንድ ስለቅም አደርኩ።

ነገሩን በኋላ አንብቤ እንደተረዳሁት ናፍታሊን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያፈርስ መርዝ ነው። ሕፃን ከረሜላ መስሎት ቢውጠው ለከፋ አደጋ ይዳርገዋል። ለልብስ ሳጥን የተሠራ ነገር ሜዳ ላይ መበተን የለበትም። ዲኙም ያው ነው፣ ዝናብ ሲመታው ያበቃል፣ ሳይመታውም እባብ አይመልስም። የተቃጠለ ዘይት ደግሞ አፈሩን ያበላሻል፣ ዶሮዎቹ ይራመዱበታል፣ ላባቸውን በምንቃራቸው ሲያጸዱ ይውጡታል። ነጭ ሽንኩርት የሚሉም አሉ። እሱ ቢያንስ ማንንም አይገድልም፤ እባብም አያባርርም።


ድንጋይ ራስ | ማክሰኞ ረፋድ

እኔ እኮ አልኩ። ዱላ።


የዛፍ ጥላ | ማክሰኞ ከሰዓት

ድንጋይ ራስ፣ ወንድሜ፣ በእባብ ከሚነደፉት ሰዎች ውስጥ ስንቱ ልግደል ወይም ልያዝ ሲል እንደሚነደፍ ብታውቅ ዱላህን ታስቀምጠው ነበር። እባብ ከርዝመቱ ግማሽ ያህል ርቀት ድረስ ሊወረወር ይችላል። የተቆረጠ የእባብ ራስ ራሱ ለብዙ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሲነኩት ይናከሳል።

ለማጅ አርቢ፣ አንድ ነገር ግን አልገጠመልኝም። በቀን 3 እና 4 እንቁላል፣ ለአሥር ቀን በተከታታይ ይጎድላል አልክ። ይህ የእባብ አበላል አይደለም። እባብ ደመ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰውነቱን ለማሞቅ ምግብ አያቃጥልም፤ ትንሽ ነገር ብዙ ቀን ታቆየዋለች። ቀን ሲቀናው ሦስት አራት እንቁላል ሊውጥ ይችላል፤ ከዚያ ግን ገለል ብሎ ለቀናት ይፈጫል እንጂ በማግስቱ እንደ ደመወዝተኛ ሰዓት ጠብቆ አይመጣም። ጫጩቶቹ በሦስት ቀን ልዩነት መጥፋታቸው የእባብ ይመስላል። የየዕለቱ እንቁላል ግን የሌላ ሌባ ነው።

መኖህን የት ነው የምታስቀምጠው? ማታ መመገቢያው ላይ የሚተርፍ አለ? ከዶሮ ቤቱ ግድግዳ ሥር አውራ ጣት የሚያህል ወይም ከዚያ የሰፋ ጉድጓድ ፈልግ።


ለማጅ አርቢ | ማክሰኞ ማታ

የዛፍ ጥላ፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ?

መኖው በጆንያ ነው የሚቀመጠው፣ እዚያው ዶሮ ቤቱ ውስጥ፣ ጥግ ላይ። ጆንያውን አነሣሁት። ታችኛው ጎኑ ተበልቷል፣ ከኋላው ሁለት ጉድጓድ አለ፣ አንደኛው አፍ ላይ የእንቁላል ቅርፊት ስብርባሪ። በአካፋ ጫፉን ብቆፍረው ተጨማሪ ቅርፊት ወጣ፣ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ሁሉ አለው። ለካ አይጥ እየቀለብኩ ኖሯል!

እና እባቡስ ታዲያ?


የዛፍ ጥላ | ማክሰኞ ማታ

እባቡ ለእነሱ ነው የመጣው። አይጦቹ መኖህን እየበሉ ይራባሉ፤ አንዲት አይጥ ካረገዘች በሦስት ሳምንት ትወልዳለች፣ በአንድ ጊዜ ስምንት ዘጠኝ። እባብ የአይጥ ዱካ በምላሱ እየቀመሰ ነው የሚከተል፤ ምላሱን ብልጭ ብልጭ የሚያደርገው ሽታ ለመሰብሰብ ነው። ጉድጓዱ ድረስ ተከትሎ መጣ፣ አይጥ በላ፣ እዚያው ጎን ላይ እንቁላልና ጫጩት አገኘ። እባብ ራሱ ጉድጓድ አይቆፍርም፤ አይጥ በቆፈረችው ነው የሚገባ፣ የሚያድረውም እዚያ ነው። ብትገድለው ጉድጓዱና አይጡ እስካሉ ድረስ ሌላው ይተካል።

ስለዚህ ጆንያው ዛሬ ማታውኑ ይውጣ። ክዳን ያለው የብረት በርሜል ፈልግ፤ ፕላስቲክ ይበሱታል። ማታ መመገቢያውን አንሣ፣ የፈሰሰውን ጥረግ። የአይጥ መርዝ ግን እንዳታስገባ። መርዝ የበላች አይጥ እየተንገዳገደች ሜዳ ላይ ትወጣለች፣ ዶሮህ ትለቅማታለች፣ ድመት ትበላታለች፣ ጉጉት ይወስዳታል፤ መርዙ እየተሻገረ ይሄዳል። ወጥመድ ተጠቀም፣ ዶሮ እንዳይደርስበት ቀዳዳ ባለው ሳጥን ውስጥ አድርገህ።


ነርሷ | ረቡዕ ማለዳ

የውይይቱን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ ስለመነደፍ በደንብ የተናገረ ሰው ስለሌለ ልጨምር። ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ መርዝ እንደሚሞት ይገምታል። እጅና እግሩ የሚቆረጥ ወይም ዘላቂ ጉዳት የሚቀርበት ደግሞ የዚያን ሦስት እጥፍ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በእባብ መነደፍን ትኩረት ከሚሹ የሐሩራማ አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገቡትም ለዚህ ነው። ጓሮው ውስጥ በባዶ እግሩ፣ በጨለማ የሚሄድ ሰው ዋናው ተጠቂ ነው። ቦቲ ጫማ አድርጉ፣ ባትሪ ያዙ፤ ያን ያህል ቀላል ነው።

ከተነደፋችሁ አትሩጡ። ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር፣ ጫማ ወዲያው ይውለቅ፤ ሲያብጥ አይወጣም። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንደተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉና ሰው ወደ ሆስፒታል ይውሰዳችሁ። ሰዓቱን አስታውሱ። አትብጡ፣ በአፍ አትምጠጡ፣ በገመድ አትሰሩ፣ በረዶ አታድርጉ፣ ምንም ዓይነት ቅጠል ወይም ዱቄት አትነስንሱ። በገመድ ታስሮ የሚመጣ ሰው እግሩ የሚሞተው አንዳንዴ ከመርዙ ይልቅ በገመዱ ነው፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። መርዙን የሚያረክሰው መድኃኒት ሆስፒታል ነው ያለው፣ ሌላ የለም። ሕመም የለኝም ብላችሁ ቤት አትቅሩ፤ አንዳንዱ መርዝ ነርቭ የሚይዝ ነው፣ ቦታው ሳያብጥ የዓይን ቆብ በመክበድ ይጀምራል።

እባቡን ገድላችሁ አታምጡልን። ከሩቅ ፎቶ ካነሣችሁ ጥሩ፤ ካልቻላችሁ መልኩን መንገር ይበቃል። መርዝ የሚተፋ ኮብራ ዓይን ውስጥ ከተፋባችሁ ደግሞ ሳታሹ ብዙ ንጹህ ውሃ ለ15 እና 20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም።


ድንጋይ ራስ | ረቡዕ ማለዳ

እሺ እህቴ። የገመዱን ነገር አላውቅም ነበር፤ እኛ ቤት የመጀመሪያው ሥራ ማሰር ነው።


ሽቦ አጥባቂ | ረቡዕ ማታ

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ብየዳና እንጨት ሥራ ነው ሙያዬ፣ የዶሮ ቤት ብዙ ሠርቻለሁ፣ ብዙ ጊዜም ሌላ ሰው የሠራውን አፍርሻለሁ።

ያ የዶሮ ሽቦ የሚባለው ዶሮ እንዳይወጣ ነው እንጂ ሌላው እንዳይገባ አልተሠራም። ቀዳዳው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አውራ ጣትህ ካለፈ የክንድህን ርዝመት ያለው ቀጭን እባብ ያልፋል። አይጥ ጥርሷን ሳትነካ ታልፋለች። የምትፈልገው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው፣ መገናኛው የተበየደ፣ ዝገት መከላከያ የተቀባ ወንፊት ሽቦ ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ትልልቅ እባብ ያቆማል፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ የቤት አይጥንም ያቆማል። አቅም ካለህ ባለ 6ቱን፤ ከሌለህ ከታች እስከ ወገብህ ባለ 6፣ ከዚያ በላይ ባለ 12።

ሽቦ መግዛት ቀላሉ ነው። ሰው የሚሳሳተው አያያዙ ላይ ነው። በትንንሽ ሚስማር እዚህም እዚያም ቸክለኸው በመሃል ክፍተት ከተወ ሽቦው ጌጥ ነው። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ሰፊ ሮንዴላ ያለው ቪቴ አስገባ፣ ወይም ጠርዙን በቀጭን እንጨት ደፍነህ በቪቴ አጥብቀው። ጥፍርህን በጠርዙ አስሂድ፣ የገባበት ቦታ ሁሉ ክፍት ነው።

ከዚያ በሩ። እንጨት ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል፤ ዛሬ ገጥሞ የነበረው ነገ ከሥሩ ጣት ያሳልፋል። ከሥሩ ጠፍጣፋ ብረት ወይም ጠንካራ የጎማ ቁራጭ አድርግለት፣ መሬቱን እየላሰ የሚዘጋ።

ወለሉ አፈር ከሆነ ከግድግዳው ሥር ወደ ውጭ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቦ አንጥፈህ አፈር ድፋበት፤ እባብ ስለማይቆፍር ይህ ለአይጥና ለሸለምጥማጥ ነው፣ ግን ከላይ እንደተባለው አይጥን የከለከለ እባብን ከለከለ።


ለማጅ አርቢ | ሐሙስ ማታ

ሽቦ አጥባቂ፣ ቃልህን ይዤ ዛሬ ሙሉ ቀን ሠራሁ። የቆርቆሮ መቀስ ተውሼ፣ ፒንሳ ይዤ፣ ጣቶቼ ተቧጭረው ደም በደም ሆነው። አራቱም ግድግዳ ባለ 6 ወንፊት ሽቦ ለብሷል፣ ከታች እስከ ማገሩ። በርሜልም ገዝቻለሁ፣ የአይጥ ጉድጓዶቹን በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈንኩ። ሁለት አይጥ በወጥመድ ይዣለሁ። ጓሮው ውስጥ ተከምሮ የነበረውን እንጨትም ወደ አጥሩ ጥግ አራቅኩት፣ ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርጌ። ስጎትተው ከሥሩ የእባብ የገፈፈ ቆዳ አገኘሁ፣ እንደ ላስቲክ ስስ ነው። ሣሩንም አጨድኩ።

ዛሬ በሰላም እተኛለሁ።


እማማ ላባ | ዓርብ ማለዳ

ልጄ ጎበዝ! ጉድጓድ ከመድፈንህ በፊት ግን ውስጡ ነገር እንደሌለ አየህ? ውስጡ የተዘጋበት እባብ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፣ መውጫው ደግሞ ወደ ዶሮዎቹ ሊሆን ይችላል። እኔ አንድ ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት አፉ ላይ አመድ ነስንሼ ዱካ አይ ነበር። ጊዜው ቢያልፍም ማወቁ ደህና ነው።


ጓሮ ዘጋቢ | ዓርብ ረፋድ

ጅግራ አርቡ! እኔ አራት ጅግራ አሉኝ፣ እባብ ሲያዩ ሰፈሩን ነው የሚቀሰቅሱት።


ሽቦ አጥባቂ | ዓርብ ረፋድ

ጅግራ ይጮኻል፤ በር ግን አይዘጋም። ማታ ደግሞ እሱም ቆጥ ላይ ነው።


ለማጅ አርቢ | ሰኞ ማለዳ፣ አስቸኳይ

ሰዎች እርዱኝ። ሦስት ሌሊት ምንም አልጠፋም፤ እንቁላል በቀን 8 ሆኗል። ዛሬ ጠዋት ስከፍት እባቡ አለ። ከክዳኑ ሥር ያለው የአየር መተንፈሻ ላይ አሮጌውን የዶሮ ሽቦ አልቀየርኩትም ነበር፣ ያልቀየርኩት ከፍ ስላለ ነው፣ ማን ይወጣል ብዬ። በዚያ ነው የገባው። አንድ እንቁላል ውጦ ሲወጣ ሆዱ ላይ ያለው እብጠት ቀዳዳው ላይ ቀረ። ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ። ይንቀሳቀሳል። ዶሮዎቹን አወጣሁ። ሽቦውን በፒንሳ ልቁረጥለት?


ነርሷ | ሰኞ ማለዳ

አትንካ! የታሰረ እባብ ከምንም ይበልጥ የሚናደፍ ነው። ራቅ።


የዛፍ ጥላ | ሰኞ ማለዳ

ፒንሳህን አስቀምጥ። አካባቢህ እባብ የመያዝ ሥልጠና ያለው ሰው ካለ ጥራ፣ ከሌለ ከርዝመቱ ሁለት እጥፍ ራቅ በልና ብቻውን ተወው። ልጆችም ውሻም እንዳይቀርቡ። ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበት ከሆነ ከሩቅ በረጅም እንጨት ጨርቅ ወይም ካርቶን ጥላ አድርግለት፤ ካልቻልክ ተወው። የተጨነቀ እባብ የዋጠውን ይተፋል፤ እብጠቱ ሲወርድለት በገባበት ይወጣል።

አሁን ልብ በል፣ በቀለሙ አትፍረድ። ይህን ለሌሎችም ልንገር፦ በአፍሪካ የሚገኝ እንቁላል ብቻ የሚበላ የእባብ ወገን አለ። ጥርስ የለውም ማለት ይቻላል፣ ከአንገቱ በታች ባለው አከርካሪ ላይ ወደ ታች የወጣ የአጥንት ስለት አለው፣ እንቁላሉን በዚያ ሰንጥቆ ፈሳሹን ይውጥና ቅርፊቱን እንደ ተጨመደደ ወረቀት አድርጎ ይተፋዋል። ዶሮ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ የተጣጠፈ ቅርፊት ካገኛችሁ እሱ ነው። ጉዳት የለውም። ችግሩ መልኩ አደገኛ እፉኝት ይመስላል፣ ሲናደድም እንደ እፉኝቱ ሰውነቱን ጠምጥሞ ቅርፊቶቹን እያፋተገ የመጋዝ ድምፅ የመሰለ ይሰማል። ታዲያ ሰው መልክ አይቶ ይህ ያ ነው ማለት ሲጀምር፣ በሌላኛውም ሊሳሳት ይችላል፤ እፉኝቱን እንቁላል በል ነው ብሎ በእጁ የያዘ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚሳሳተው። የማታውቁትን ሁሉ መርዛማ ነው ብላችሁ ያዙት።


ድንጋይ ራስ | ሰኞ ማለዳ

አሁን እንኳ ዱላው ይሻል ነበር። ግን እሺ፣ ዝም አልኩ።


አወያይ | ሰኞ ረፋድ

በየሀገሩ ሕጉ ይለያያል፤ አንዳንድ እባብ መግደልም መያዝም በሕግ የተከለከለባቸው ቦታዎች አሉ። እዚህ የሚሰጠውን ምክር ከሕጋችሁ ጋር አስተያዩ። የእባብ ፎቶ የምትለጥፉ ደግሞ ከሩቅ የተነሣ ይሁን፤ ለፎቶ ሲባል የተጠጋ ሰው እዚህ መድረክ ላይ አይቼ ነበር፣ አልተጎዳም፣ ግን ጽሑፉን አጥፍቼዋለሁ።


ለማጅ አርቢ | ሰኞ ማታ

ሄዷል። አጥሩ ጋ ቆሜ አራት ሰዓት ያህል ጠበቅኩ፣ ሰው ጋ ብደውልም እባብ የሚይዝ ሰው ስልክ አላገኘሁም። በመጨረሻ ራሱን ወደ ውስጥ መለሰ፤ ሰውነቱ ማዕበል እንደመታው ሁሉ እብጠቱን ወደ አፉ ገፋው፣ እንቁላሉም ከአፉ ወጣና ጉዝጓዙ ላይ ወደቀ። አልተሰበረም! ነጭ፣ ርጥብ፣ ያለ ስንጥቅ። ቀስ እያለ ወደ ውጭ ተሳበና በቆርቆሮው ላይ ሽቅብ ሄዶ በዛፉ ቅርንጫፍ በኩል ወረደ። ለካ ከላይ ነበር የሚመጣው! ቅርንጫፉ ክዳኑን ይነካ ነበር።


ድንጋይ ራስ | ሰኞ ማታ

እንቁላሉን ጠበስከው?


ለማጅ አርቢ | ሰኞ ማታ

ቀበርኩት። ቄቧ ጎን።


ሽቦ አጥባቂ | ማክሰኞ ማለዳ

መተንፈሻውን ባለ 6 ወንፊት አድርገው፣ አየሩ በዚያ እንደልብ ይገባል። ቅርንጫፉን ከክዳኑ ሁለት ሜትር ያህል መልሰህ ቁረጥ፣ እባብ ቅጠል ላይ አይቀመጥም ብለህ አታስብ። እና አንድ ሁሉም የሚረሳው ቦታ፦ የቆርቆሮው ሞገድ ከግድግዳው ጋር ሲገናኝ በየሞገዱ ሥር የሚተወው ክፍተት። መሬት ላይ ተጋድመህ ወደ ላይ በባትሪ አብራ፣ ብርሃን የሚያሳልፈው ሁሉ እባብ ያሳልፋል። ወንፊት ሽቦ ቁራጭ ጠቅልለህ በየሞገዱ ወትፈው።


ለማጅ አርቢ | ማክሰኞ ማታ

ሞገዱን ቆጠርኩ፣ 22 ናቸው። 19ኙ ክፍት ነበሩ።


ልምድ ፈላጊ | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ

ክሩ የቆየ ቢሆንም ልጠይቅ። የእኔ ዶሮዎች ቀን ጓሮ ይለቀቃሉ። ፕላስቲክ የወፍ መረብ ዙሪያውን ብዘረጋ ይሠራል? ርካሽ ነውና።


የዛፍ ጥላ | እሑድ

አይሠራም። እባብ ገብቶ ይጠላለፍበታል፣ ሲታገል ይበልጥ ይጠበብበታል፤ ጠዋት ላይ የታሰረ የተናደደ እባብ መረብ ውስጥ ታገኛለህ። እንደ ሙጫ የሚያጣብቀው የአይጥ ወጥመድም እንዲሁ። ቀን መልቀቁ ብዙም አያሳስብ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ቤታቸው ገብተው ትንሹ በር ይዘጋ፣ ከመዝጋትህ በፊት ግን ጥግ ጥጉን በባትሪ እይ።


ልምድ ፈላጊ | እሑድ

የታቀፈች ዶሮ ከቤት ውጭ፣ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጣለች። አልነሣም ትላለች።


እማማ ላባ | እሑድ ማታ

ማታ በጨለማ አንሣት፣ ከነእንቁላሏ። ጓንት አድርገህ፣ ሥሯን በባትሪ አይተህ። በዝግ ሳጥን ውስጥ፣ ጠባብ ወንፊት ሽቦ ባለበት አስቀምጣት፤ ሁለት ሌሊት ጨለም ባለ ቦታ ካደረግካት ትለምዳለች። ሜዳ ላይ ትፈልፍል ብለህ ብትተዋት የጫጩቶቹን ድምፅ ከአንተ ቀድሞ የሚሰማ ብዙ አለ።


ለማጅ አርቢ | ሰኞ ማለዳ

እማማ እንዳሉት። እኔ አሁን ያለሁበትን ልንገርህ፦ እንቁላል በቀን 9፣ ጫጩት አልጎደለም። እባቡን ከአጥሩ ውጭ፣ ከእንጨት ክምሩ አጠገብ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ወይም የሱን ወንድም። አልዘለልኩም፤ ቦቲ አድርጌ ነበር። የመተንፈሻው ሽቦ ግን ከአንድ ጥግ ላላ ብሏል፣ ትናንት ዝናብ ሲመታው እንጨቱ አበጠ መሰለኝ። ቪቴ ልገዛ ልወጣ ነው።


ሽቦ አጥባቂ | ሰኞ ረፋድ

ረዘም ያለ ቪቴ ግዛ፣ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር። ሮንዴላውን እንዳትረሳ።